ሳውዝ ሴንትራል እርሻ፦ በሎስ አንጀለስ መጋዘኖች መካከል የለማ ማሳ

ሳውዝ ሴንትራል እርሻ ከ1994 እስከ 2006 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ 350 ገደማ ቤተሰቦች ያለሙት የጋራ የአትክልት ቦታ ነው። የሚገኘው አላሜዳ ጎዳና ከ41ኛው ጎዳና በሚገናኝበት፣ መጋዘንና የባቡር ሐዲድ በበዛበት ሰፈር ሲሆን ስፋቱ 5.7 ሄክታር ያህል ነበር። በዘመኑ በአሜሪካ ከተሞች ከነበሩት የማኅበረሰብ እርሻዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሳው ከፈረሰበት ቀን ጋር ተያይዞ ነው። ለምን እንደፈረሰ የሚገባው ግን ገና ዘር ሳይዘራበት መሬቱ በማን እጅ እንደገባና ገበሬዎቹ በምን ወረቀት እንደቆሙ ሲታወቅ ነው።

የከተማው አስተዳደር ቦታውን በ1986 ከግል ባለይዞታዎች ላይ ለሕዝብ ጥቅም በሚል በ4.8 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰደው። ዓላማው ቆሻሻ እያቃጠለ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ መገንባት ነበር። ጭሱ የሚያርፍበት ሰፈር ነዋሪዎች፣ በወቅቱ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሁዋኒታ ቴት ከመሩት የሰፈር ማኅበር ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ በ1987 ዕቅዱ ተሰረዘ። የከተማው ምክር ቤት ያልፈለገው ድል ነበር፣ ግን ድል ነው። መሬቱ ባዶውን ቀረ። ከቀድሞዎቹ ባለይዞታዎች ትልቁ ድርሻ የነበረው ኩባንያ፣ ራልፍ ሆሮዊትዝ የተባሉ ባለሀብት የተሳተፉበት፣ አስተዳደሩ በ10 ዓመት ውስጥ ቦታውን ከሕዝብ አገልግሎት ውጭ ለሆነ ነገር ከሸጠ ቀድሞ መልሶ የመግዛት መብት በውሉ ላይ አስፍሮ ነበር። ያችን አንቀጽ የሚያስታውስ ሰው ለጊዜው አልነበረም።

በ1992 ጥቁር አሜሪካዊውን ሮድኒ ኪንግን የደበደቡ ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነጻ ሲባሉ ከተማው ነደደ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የወደመው ንብረት በ1 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ሱቆችም ስለተቃጠሉ ቀድሞውኑ ትኩስ አትክልት ብርቅ በነበረበት ሰፈር ምግብ ማግኘት ባሰ። በ1994 ቦታው በ13.3 ሚሊዮን ዶላር ወደ ከተማው የወደብ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ መሥሪያ ቤቱም ከመንገዱ ማዶ ለነበረው የምግብ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ ለሚያከፋፍል ድርጅት) በዚያው ዓመት ሐምሌ የአትክልት ቦታ እንዲሆን ፈቀደለት። ፈቃዱ በማናቸውም ጊዜ ሊሰረዝ የሚችል ነበር። የኪራይ ውል አልነበረም፣ የይዞታ ማረጋገጫማ ጭራሽ።

ሰዎቹ ግን እንደ ርስት ነው ያለሙት። አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ ከናሁዋ፣ ከሚክስቴክ፣ ከሳፖቴክና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች የተወለዱ ብዙ ነበሩባቸው። ቦታው በሽቦ አጥር ተከፋፍሎ ለየቤተሰቡ ቁራሽ መደብ ደረሰው። ዴቮን ፔኛ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ምሁር በእርሻው ላይ ከ100 እስከ 150 የሚደርሱ የዕፅዋት ዓይነቶች እንደነበሩ ጽፈዋል። በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ በአንድ መደብ ይበቅሉ ነበር፤ ባቄላው በበቆሎው አገዳ ላይ ይጠመጠማል፣ አፈሩንም ያዳብራል፤ የዱባው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። በለስ እኛ ዘንድ የሚበላው ለፍሬው ነው፤ እነሱ ግን ለጋውን ቅጠል እሾሁን ልጠው ያበስሉታል። አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ለወጥ ማጣፈጫና ለሆድ ሕመም የሚሆኑ ቅጠላ ቅጠሎችም ነበሩ። ሱቅ ውስጥ የማይገኘውን የእናት ቤት ቅመም ፍለጋ የመጣ ሰው ዘሩን ከጎረቤት መደብ ያገኝ ነበር። ይህ በቁጥር ሊሰፈር የማይችል ሀብት ነው፤ ልጆች አያቶቻቸው ስለ ተክሎቹ የሚያወሩበትን ቋንቋ የሰሙትም እዚያው ነው።

የውስጥ አስተዳደሩ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ገበሬዎቹ በጠቅላላ ጉባኤ ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ተወካዮች ይመርጣሉ። በኋላ በአደባባይ የታወቁት ተወካዮች ቴሶሶሞክና ሩፊና ሁዋሬስ ናቸው።

ችግሩ የመጣው ከበር ውጭ ነው። በ2002 ከወደቡ ወደ መሃል ከተማው የሚዘልቀው የአላሜዳ የጭነት ባቡር መስመር ሥራ ሲጀምር በአካባቢው የመጋዘን ቦታ ተፈላጊነት ጨመረ። ሆሮዊትዝ ያችን የውል አንቀጽ ይዘው ከተማውን ከሰው ነበር፤ በ2003 የከተማው ምክር ቤት በዝግ ስብሰባ ለመታረቅ ተስማማና ቦታውን ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሸጠላቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የወደቡ መሥሪያ ቤት ከከፈለው ከግማሽ ያነሰ መሆኑ ነው። መሬቱን የሚያርሱት ሰዎች ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ከስምምነቱ አንዱ ክፍል ከመሬቱ የተወሰነው ለእግር ኳስ ሜዳ እንዲለገስ የሚል ሲሆን ሜዳውን የደገፈው ያንኑ ማቃጠያ ጣቢያ ያስቀረው የሰፈሩ ማኅበር ነበር። እዚህ ላይ የሚያሳዝነው፣ ያንን መሬት ከጭስ ያዳኑትና ያለሙት ሁለት ወገኖች በተቃራኒ መቆማቸው ነው። ሁለቱም ለልጆቻቸው አረንጓዴ ነገር ፈልገው ነበር።

በጥር 2004 በየካቲት መጨረሻ እንዲለቁ የሚያዝ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ገበሬዎቹ ተደራጅተው ሽያጩ የሕዝብን ንብረት በርካሽ አሳልፎ የሰጠ ነው ብለው ከሰሱ፤ የእግድ ትእዛዝም አገኙ። እግዱ ከአንድ ዓመት በላይ ከጠበቃቸው በኋላ በ2005 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ቀጥሎ ገንዘብ ፍለጋ ተገባ። ባለቤቱ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ የአነንበርግ ፋውንዴሽን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት 10 ሚሊዮን ለመስጠት ቃል ገባ፤ ባለቤቱ ግን በዘመቻው ላይ በእኔ ላይ የተባለው ነገር አስቀይሞኛል በማለት ሽያጩን ተዉት።

ሰኔ 13 ቀን 2006 ሊነጋጋ ሲል የሸሪፍ ፖሊሶች አጥሩን ቆርጠው ገቡ። ተዋናይት ዳሪል ሃናና የዛፍ ተሟጋቹ ጆን ኩዊግሊ በዋልነት ዛፍ ላይ ተቀምጠው ስለነበር በእሳት አደጋ መሰላል እንዲወርዱ ተደረገ። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ። በሐምሌ መጀመሪያ ቡልዶዘር የቀረውን ሰብል ገለበጠው። ለዓመታት ቦታው ታጥሮ ባዶውን ተቀመጠ፤ መጋዘን ሊሠራበት ነው ተብሎ የተነሱት ሰዎች በአጥሩ በኩል አረም ያዩበት ነበር።

ከተነሺዎቹ አንዳንዶቹ በዋትስ አካባቢ በከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ከተማው የሰጠውን ጠባብ ሰቅ ያዙ። ሌሎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በሚርቅ፣ በኬርን አውራጃ ባተንዊሎ በተባለ ቦታ ማረስ ጀመሩ፤ ምርቱን እየጫኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ገበያዎች ያመጡ ነበር። ከዛፎቹም የተረፉት ከነሥራቸው ተነቅለው ሳን ማሪኖ ወደሚገኘው ወደ ሃንቲንግተን የዕፅዋት ማዕከል ተወስደው ተተክለዋል።