የኦፓል ቁፋሮ በደቡብ ወሎና የደሴ የድንጋይ ንግድ

የኦፓል ቁፋሮ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በተለይም በደላንታ ወረዳ፣ ባህላዊ አምራቾች በእጅ መሣሪያ የሚያካሂዱት የከበረ ድንጋይ ፍለጋና ማምረት ሥራ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ደሴ ደግሞ ከገደል የወጣው ጥሬ ድንጋይ አዲስ አበባ ካሉ ገዥዎችና ላኪዎች ዘንድ እስኪደርስ ከሚያልፍባቸው የንግድ ማዕከሎች አንዷ ናት።

በኢትዮጵያ ባህላዊ ማዕድን ማምረት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ወርቅ ነው። ይሁንና በጉጂ፣ በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ ሰዎች የወንዝ አሸዋ በገበቴ እያጠቡ ወርቅ የሚለቅሙት፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ጥንታዊ አለቶች ወደ ገጸ ምድር ብቅ ባሉበት አካባቢ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉበት ምድር ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት የተገነባ በመሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ጥንታዊ አለቶች ከወፍራም ድርብርብ ሥር የተቀበሩ ናቸው። የወሎን ቆፋሪ ከወርቅ ያራቀውም ኦፓል የሰጠውም ይኸው ድርብርብ ነው።

ኦፓል ከሲሊካ፣ ማለትም በአሸዋም ውስጥ በብዛት ከሚገኘው ንጥረ ነገር፣ እና በውስጡ ከታሰረ ውሃ የተሠራ ነው። ዝናብ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካውን አሟሙቶ ይወስዳል፤ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ሲያጋጥመው ደግሞ ከበላዩ ይቆምና ሲሊካው በአለቱ ክፍተቶች ውስጥ ቀስ በቀስ ይረጋል። በደላንታ ዋና ከተማ በወገልጤና አቅራቢያ፣ ፀሐይ መውጫ በተባለው ቦታ፣ ኦፓሉን የያዘው ንብርብር ውፍረቱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አምባ ጫፍ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ዝቅ ብሎ በገደሉ ወገብ ላይ ነው። የደላንታው ከመገኘቱ በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል በዋናነት የሚታወቀው በሰሜን ሸዋው መዘዞ ነበር፤ የመዘዞው ድንጋይ ቡናማነት የሚበዛውና የመሰንጠቅ ስም ያተረፈ ስለነበር፣ በ2000 ዓ.ም. ነጣ ያለውና የተሻለ ጥንካሬ ያለው የደላንታ ኦፓል ሲገኝ የዓለም ገበያ ፊቱን ወደ ወሎ አዞረ።

ንብርብሩ ቀጭን መሆኑ የቁፋሮውን ዘዴም አደጋውንም ይወስናል። ቆፋሪው በቀጭን የገደል መንገድ ወርዶ በዶማ፣ በመዶሻና በመሮ ንብርብሩን እየተከተለ ወደ ጎን ይቆፍራል፤ ዋሻው በጠለቀ ቁጥር አየሩ ይታፈናል፣ ጣሪያው በአግባቡ ካልተደገፈም ይደረመሳል። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ በአንድ ዋሻ መደርመስ ሃያ ያህል ቆፋሪዎች ከውስጥ ተቀርቅረው ነበር። ባህላዊ ማዕድን ማምረት በሕግ ለኢትዮጵያውያን የተተወና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ወጣቶችም በማኅበር እየተደራጁ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ በገደል ወገብ ለሚቆፈር ዋሻ የፈቃድ ወረቀት ብቻውን ምን ያህል ዋስትና እንደሚሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዋሻው ከሚወጣው ድንጋይ አብዛኛው ቀለም የማይጫወት ተራ ኦፓል ነው። ዋጋ የሚያወጣው በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች እኩል መጠን ይዘው በሥርዓት በመደርደራቸው ብርሃንን ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚበትነው ጥቂቱ ነው። ወርቅ በግራምና በጥራት ይመዘናል፤ ብሔራዊ ባንክም የዓለም ገበያን ተከትሎ ስለሚገዛው ሻጩ ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ ይችላል። ጥሬ ኦፓል ግን እንዲህ ያለ ወጥ ተመን የለውም። በደሴም ሆነ በወገልጤና ገዥው ድንጋዩን በብርሃን ፊት እያገላበጠ በዓይኑ ይገምታል፤ ተቆርጦና ተሞርዶ በካራት (በከበሩ ድንጋዮች የክብደት መለኪያ) ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ የማያውቅ ቆፋሪም ከደላላው ጋር የሚደራደረው በጨለማ ነው ማለት ይቻላል።

ግምቱን የሚያከብደው ሌላው ጠባይ የደላንታ ኦፓል ውሃ መጠጣቱ ነው። ድንጋዩ ሲነከር ክብደት ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም እንደ ብርጭቆ ጠርቶ የቀለም ጫወታው ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያለው ገዥ ድንጋዩን ደረቅ ሳለ ማየትና መመዘን ይመርጣል። ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳማ አካሉ ቀለምና ጭስም ስለሚቀበል፣ በገበያ ላይ ከሚታዩት ጥቁር ኦፓሎች አንዳንዶቹ በጭስ ወይም በኬሚካል የጠቆሩ የወሎ ድንጋዮች ናቸው።