መብራቱ አለ፣ ኃይል ግን የለውም

«መብራት ሄደ» ሲባል ሁሉም ይገባዋል። ግራ የሚያጋባው ሳይሄድ ሲደክም ነው። አምፖሉ ይደበዝዛል። ምጣዱ ይሞቃል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም። ይሄ የኃይል መቋረጥ ሳይሆን የቮልቴጅ መውረድ ነው። ፈረቃም አይደለም፤ ፈረቃ ሆን ተብሎ በተራ ማጥፋት ነው።

በኢትዮጵያ ወደ ቤት የሚገባው መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። ወደ 180 ሲወርድ ትንሽ የቀነሰ ይመስላል። ምጣድ ላይ ግን ጉዳቱ ይበረታል፤ ቮልቴጁ በግማሽ ቢወርድ የምጣዱ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በ180 የሚያገኘው ከሙሉ ኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። እባካችሁ ሊጡን ከመውቀሳችሁ በፊት መብራቱን እዩ።

ምጣድ በዚህ አይበላሽም። የሚያሳስበኝ ፍሪጅ ነው። ሞተሩ ለመነሳት አቅም ያጣል፤ እያጉረመረመ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ በዚያው ከቆየም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲደክም መጀመሪያ የፍሪጁን ሶኬት ንቀሉ። ኤልኢዲ አምፖል አይታችሁ አትዘናጉ፤ ብዙዎቹ ቮልቴጅ ወርዶም ደምቀው ይበራሉ።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ሰፈሩ በአንዴ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ወይም መስመሩ ከአቅም በላይ መጫኑ ነው። ጎረቤት ደህና ሆኖ እናንተ ጋ ብቻ ከደከመ ግን የላላ ወይም የተቃጠለ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ይሄ እሳት ስለሚያስነሳ ራሳችሁ አትነካኩት፤ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።