«የቅጥር ሁኔታ» ምንድን ነው? ባል ወደ ሚስቱ የቻይልድማይንደር ሥራ ሲገባ

እንግሊዝ አገር ቤቷ ውስጥ የሰው ልጅ እየተከፈላት የምትይዝ (ቻይልድማይንደር) ሚስት አለች እንበል። የሕፃናት እንክብካቤን የሚቆጣጠረው መንግሥታዊ አካል ኦፍስቴድ መዝግቧታል፣ ለግብሩም በስሟ ሴልፍ ኢምፕሎይድ (የራሷን ሥራ የምትሠራ) ናት። ልጆቹ በዙባትና ባልየው የራሱን ሥራ ቀንሶ ጠዋት መቀበል፣ ምሳ ማብላት፣ ትልልቆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት ጀመረ። ታዲያ ይሄ ሰው በሕግ ፊት ምንድን ነው? ተቀጣሪ? ሸሪክ? ወይስ የራሱ አለቃ?

የቅጥር ሁኔታ የሚባለው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ግብሩን ማን እንደሚቆርጥ፣ ለጡረታ የሚቆጠረው መዋጮ ናሽናል ኢንሹራንሱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ የሠራተኛ መብት ይኑረው አይኑረው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አንተም ሴልፍ ኢምፕሎይድ ሁንና ኢንቮይስ ስጠኝ» ብሎ ቤት ውስጥ መስማማት አይበቃም። ግብር ሰብሳቢው ኤችኤምአርሲ የሚያየው ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰዓቱን የምትወስነው እሷ ናት? ሳይመቸው ሲቀር በእሱ ቦታ ሌላ ሰው መላክ ይችላል? ወላጅ ሳይከፍል ቢቀር ኪሳራው የማን ነው? አሲስታንት፣ ማለትም እንደዚህ ባል ያለ ረዳት፣ የሚሠራው በእሷ ምዝገባ ሥር፣ በእሷ ሰዓትና በእሷ ደንብ ነው፤ ምትክ ልላክ ቢል እንኳን ያ ሰው ሳይጣራ ልጆቹ ዘንድ አይገባም። ስለዚህ አሲስታንት አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ ነው። ባል መሆኑ ይህን አይቀይረውም።

ተቀጣሪ ከሆነ እሷ አሠሪ ናት። ደሞዙ እንደ ወጪ ከትርፏ ይቀነስላታል፣ ግን ለሠራው ሥራ የሚመጥን መሆን አለበት፣ ደግሞም በትክክል መከፈል አለበት። ከእሷ አካውንት ወጥቶ ወደ እሱ አካውንት ሲገባ መታየት አለበት እንጂ ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ጣጣ ያመጣል። በ2025/26 የግብር ዓመት በሳምንት 125 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚከፈለው ከሆነ ፔይ (PAYE) በሚባለው የደሞዝ ግብር ሥርዓት መመዝገብ ግድ ነው፤ ሌላ ቅጥር ወይም ጡረታ ካለው ደግሞ ደሞዙ ከዚያ ቢያንስም ግድ ነው። ዝቅተኛውን የደሞዝ ወለል በተመለከተ፣ እዚያው ቤት የሚኖርና የቤተሰቡን ሥራ አብሮ የሚያካሂድ የቤተሰብ አባል ከሕጉ ውጭ ነው። ሥራው በኩባንያ ስም ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም።

ሽርክና ሌላ መንገድ ነው። ትርፉን ይካፈላሉ፣ የሽርክናው ሪተርን (የግብር ማስታወቂያ) ለብቻው ይቀርባል፣ ሁለቱም ደግሞ የየራሳቸውን ያስገባሉ። ዕዳ ቢመጣም የሁለቱም ነው። ይሄ የሚያምረው ሁለቱም በእውነት አብረው ሲወስኑና አብረው ሲያስተዳድሩ ነው፤ ግብር ለማሳነስ ብቻ ስም መጨመር አልመክርም።

የኦፍስቴድ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አሲስታንቱ የወንጀል መዝገብን በሚያየው ዲቢኤስ ይጣራል፤ ለብቻው ከልጆቹ ጋር እንዲቆይ የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፣ የወላጅ ፈቃድ፣ በቀንም ከ2 ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ይጠየቃል። ኦፍስቴድ ተቀበለው ማለት ግን የግብሩ ጉዳይ አለቀ ማለት አይደለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ «ዝም ብሎ ያግዘኛል» የሚለው ነው። ያለ ደሞዝ ዓመታት ያገለገለ ሰው፣ ሌላ ገቢ ከሌለው፣ ሙሉ የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት በተለምዶ ከሚያስፈልጉት 35 ዓመታት ላይ አንድም ላይቆጠርለት ይችላል። በ2025/26 የግብር ዓመት በየሳምንቱ 125 ፓውንድ እየተከፈለው ቢመዘገብ ግን ከደሞዙ ምንም ሳይቆረጥ ዓመቱ ይቆጠርለት ነበር። ከደሞዙ በዓመት ከ5,000 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ የሚመጣውን የአሠሪ ናሽናል ኢንሹራንስም ኢምፕሎይመንት አላውንስ የሚባለው ቅናሽ ሊሸፍነው ይችላል። ብቻ አሠሪነቱን ከመጀመሪያው የደሞዝ ቀን በፊት አስመዝግቡ።