የጥንቷ ግሪክ ሥዕላዊ ሸክላ

ይህ ሸክላ መጀመሪያውኑ ለሙዚየም አልተሠራም። ወይን ይበጠበጥበታል፣ ውኃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይቀመጥበታል። የግሪክ የግድግዳና የጣውላ ሥዕል አብዛኛው ጠፍቷል። ሸክላ ግን ቢሰበርም አይበሰብስም። ግሪኮች አማልክቶቻቸውንና ጀግኖቻቸውን በምን መልክ ያስቧቸው እንደነበር በብዛት የምናየው ከዚሁ የቤት ዕቃ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት (ዓ.ዓ.) በ8ኛው መቶ ዓመት ጌጡ በአብዛኛው መስመርና ማዕዘን ነበር። ቀጥሎ የቆሮንቶስ ከተማ የጥቁር ምስል ስልትን፣ ማለትም በቀዩ ሸክላ ላይ ጥቁር ምስል መሣልን፣ ጀመረች። አቴና ተቀብላ በሸክላ ሠሪዎቿ ሰፈር በኬራሜይኮስ አራቀቀችው። «ሴራሚክ» የምንለውም ከዚያው የግሪክ ቃል ሥር የወጣ ነው።

ጥቁሩ ቀለም አይደለም፤ በጣም የላመ ጭቃ ነው። ብልሃቱ ያለው እሳቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ምድጃው አየር ያገኛል፤ ዕቃው ይቀላል። ከዚያ አየሩ ይዘጋል፤ ሁሉም ይጠቁራል። አየሩ ሲመለስ ያልተቀባው ገላ እንደገና ይቀላል። የተቀባው ግን በሙቀቱ ስለተደፈነ እንደጠቆረ ይቀራል። ይህ ሁሉ በአንድ ቃጠሎ ነው!

በ525 ዓ.ዓ. አካባቢ ነገሩ ተገለበጠ፤ ምስሉ ቀይ፣ ዙሪያው ጥቁር ሆነ። ጀማሪው የራሱ ስም የማይታወቀው፣ «የአንዶኪዴስ ሠዓሊ» የሚባለው ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የፍራንሷ ጋን ነው። በ570 ዓ.ዓ. ገደማ ኤርጎቲሞስ ሠራው፣ ክሊቲያስ ሣለው። የተገኘው ግሪክ ሳይሆን ኢጣልያ፣ ኪዩሲ አጠገብ ከኤትሩስካውያን (ከጥንት የኢጣልያ ሕዝብ) መቃብር ነው። ቁመቱ 66 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ200 በላይ ምስሎች ግን ታጭቀውበታል። የብዙዎቹ ስም አጠገባቸው ተጽፏል። መሀሉ ላይ የጀግናው የፔሌዎስና የባሕር አምላኳ የቴቲስ ሠርግ አለ። አማልክቱ በሰልፍ ይመጣሉ። የወይን አምላኩ ዲዮኒሶስ የወይን እንስራ ተሸክሞ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። የጋኑ እጀታዎች ላይ ደግሞ ከዚያው ጋብቻ የተወለደው ጀግና አኪሌስ ሞቶ፣ የጦር ጓዱ አያክስ ተሸክሞታል። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍሎረንስ ውስጥ አንድ የሙዚየም ዘበኛ በርጩማ ወርውሮ ጋኑን 638 ቦታ ሰባበረው። ተለቅሞ ተገጣጠመ።

የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖንም በእነዚህ ሸክላዎች ላይ አለ። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ አገራችን ናት ማለት አይቻልም፤ ስሙ ግን ስማችን ነው። በትሮይ ጦርነት ሜምኖንን አኪሌስ ገደለው። የአቴናው ሠዓሊ ዱሪስ በ490 እና በ480 ዓ.ዓ. መካከል ሜምኖንን የሣለበት ዋንጫ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። እናቱ ኢዮስ፣ የንጋት አምላክ፣ ክንፏን ዘርግታ ጎንበስ ብላለች። የልጇን ሬሳ በሁለት እጇ አንስታዋለች።