ነከር አድርጎ ማውጣት

ከልጆቼ ጋር ሻማ መሥራት የጀመርኩት ለጨዋታ ነው። እጃቸው ሥራ ይልመድ፣ ከስልክም ትንሽ ይራቁ ብዬ። እኔው ራሴ የምማርበት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሻማውን የምንሠራው በመንከር ነው። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አንጥደውም። በትልቅ ድስት ውሃ እናሞቃለን፤ ሰሙን ረዘም ባለ ጣሳ አድርገን ውሃው ውስጥ እናቆመዋለን። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ይበቃዋል። ቀጥታ ከተጣደ ግን ከልክ በላይ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። የተቀጣጠለ ሰም ላይ ደግሞ ውሃ አይደፋም፤ እሳቱን ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን ማፈን ነው መፍትሔው። ስለዚህ ማቅለጡ የእኔ ሥራ ነው። ልጆቹ የሚቀርቡት ምድጃው ጠፍቶ ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፣ ያውም እኔ አጠገባቸው ሆኜ። በጣም ትናንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ በስሱ የተዘጋጀ የንብ ሰም በክር ላይ ማስጠቅለል ይሻላችኋል። እሳት ጭራሽ አያስፈልገውም።

ከዚያ የጥጥ ክር እንቆርጣለን። ነከር አድርገን እናወጣና ቀጥ እንዲል ሳብ እናደርገዋለን። ይቀዘቅዛል። እንደገና ይነከራል። ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ ሲነከር የሚይዘው ሰም እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ጣት የሚያክል ሻማ እስኪሆን 20፣ 30 ጊዜ መመላለስ አለ።

ትልቋ ልጄ ትዕግሥቷ አለቀ። "አባዬ፣ እዚያው ባቆየውስ? ብዙ ሰም አይዝም?" አለችኝ።

"ሞክሪው" አልኳት።

ክሩን ሰሙ ውስጥ ይዛ ቆየች። ስታወጣው ሻማው ቀጥኖ ወጣ። ትኩሱ ሰም ሌላ ሊጨምርለት ቀርቶ ቀድሞ የያዘውንም አቅልጦ ወስዶበታል። የስንት ጊዜ ልፋቷ ጣሳው ውስጥ ቀረ።

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ክው አልኩ። በዚያው ሳምንት ይህችኑ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አድርጌ "መክሬያት" ነበር። ዋሽታ ነው። ከአንዱ ውሸት ተነሥቼ የዓመቱን ጥፋት ሁሉ ቆጠርኩባት። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ስጨርስ አቀርቅራለች። የዚያን ዕለት ማታ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት፣ ጸሎት ላይ ድምጿ አልተሰማም። ከሁላችን ቀድማ የምትጸልይ ልጅ እኮ ናት! ያልኳት ነገር ሐሰት አልነበረም። ግን በጣም ትኩስ ነበር፤ ብዙም አቆየኋት።

ወገኖቼ፣ ቃሉን ለልጆቻችን እንድናስተምር ስንታዘዝ ጊዜውም አብሮ ተነግሮናል። ዘዳግም 6፥7ን ተመልከቱት። በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ይላል። እነዚህ በየቀኑ የሚመላለሱ ሰዓቶች ናቸው። ዛሬ ያልተባለው ነገ ጠዋት ይባላል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ገና ብዙ የምነግራችሁ አለኝ፣ አሁን ግን ልትሸከሙት አትችሉም ብሏቸዋል (ዮሐንስ 16፥12)። መስቀሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው ይህን ያለው። ጊዜ አልነበረውም ሊባል የሚችል እሱ ነበር። ሆኖም የማይችሉትን አላሸከማቸውም። እኔ ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ የማገኛትን ልጅ ምን አጣደፈኝ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለአባቶች ለይቶ ጽፏል፤ ልጆቻችሁን አታበሳጩ፣ ልባቸው እንዳይዝል (ቆላስይስ 3፥21)። የዛለ ልብ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ። ጸሎት ላይ ዝም ይላል።

ልጅ አይገሠጽ እያልኩ አይደለም። ሰም ያልነካው ክር ክር ብቻ ነው፤ በርቶ ወዲያው ያልቃል። ልጅ እጁን ወደ ጋለ ድስት ሲሰድም ተቆጥቶ ማስጣል ነው እንጂ ረጋ ብሎ መጠበቅ የለም። እኔ የምላችሁ ከተናገርን በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሰሙ የሚጠነክረው ከጣሳው ከወጣ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው ነው። እኛ ወላጆች ይህን ዝምታ እንፈራዋለን። የሰማ አልመስል ሲለን እንደግምበታለን። ቃሉ ግን ያኔ እየያዘ ሊሆን ይችላል።

ማታ ለጸሎት ስንቀመጥ ያችን ቀጭን ሻማዋን አበራናት። ትንሹ ወንድሟ እፍ ብሎ አጠፋት። ነጭ ጭስ ወደ ላይ ተነሣ። ይህ ጭስ ተራ ጭስ አይደለም፤ በሙቀቱ የተነነ ሰም ነው። የሚነደውም እሱ ነው። ማይክል ፋራዴይ የሚባለው ሳይንቲስት፣ እሱም አጥባቂ አማኝ ነበር፣ በ1860 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንደን ውስጥ ለልጆች ስለ ሻማ ሲያስተምር ይህንኑ አሳይቷቸዋል። የበራ ክብሪት ከክሩ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ጭሱን ብታስነኩት፣ እሳቱ በጭሱ ላይ ተንደርድሮ ክሩን ያገኘዋል።

ክብሪቱን ጫርኩና እጇን ይዤ አብረን አስጠጋነው። እሳቱ ዘሎ ወረደ። ጌታ የሚጤሰውን ክር እንደማያጠፋ (ማቴዎስ 12፥20) ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።

"እንደገና" አለች። እንደገና አደረግነው።

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንድ አጭር ጸሎት ጸለየች፣ ስለ ወንድሟ። እኔም አሜን አልኩ፤ ጨምሪ አላልኳትም።