«አንድ ለአንድ ነው!» እና ሌሎች የአንቴና ተረቶች

የአማተር ሬዲዮ አንቴና በእጁ ሠርቶ የሰቀለ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለሰማው ጣቢያ አይደለም፤ ስለ ኤስደብልዩአር ነው፤ አንቴናውና ኬብሉ ከሬዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተስማሙ የሚነግረው ቁጥር፣ 1 ለ 1 ፍጹሙ ነው። «አንድ ለአንድ አመጣሁት!» ይላል፣ ማትሪክ እንዳለፈ ተማሪ። በሳምንቱ «ማንም አይሰማኝም» ብሎ ይመጣና በሬዲዮው ያሳብባል።

መለኪያው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ኬብሉ ከሄደው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ። ያልተመለሰው አየር ላይ ይውጣ ወይም ሙቀት ሆኖ ይቅር፣ አይለይም። ከሬዲዮው ጀርባ ባለ 50 ኦም ሬዚስተር ብትሰኩ ንባቡ ፍጹም 1 ለ 1 ይሆናል፤ ድምፃችሁ ግን ከግቢ አይዘልም።

ኬብሉ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ145 ሜጋኸርዝ ላይ በ30 ሜትር ርዝመት ወደ 6 ዴሲቤል ይበላል፤ 100 ዋት ገብቶ 25 ዋት ይወጣል። አሁን አንቴናውን ጨርሶ ንቀሉትና የኬብሉን ጫፍ ክፍት ተዉት። ሞገዱ ሲሄድ 6፣ ከክፍቱ ጫፍ ነጥሮ ሲመለስ ሌላ 6 ዴሲቤል ያጣል። መለኪያው ጋ የሚደርሰው ከ16 አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ ንባቡ 1.7 ገደማ ነው። አንቴና የለም፤ ቁጥሩ ግን ያማረ! (ይህን በናኖቪኤንኤ፣ በትንሿ የአንቴና መለኪያ፣ ሞክሩት፤ በሬዲዮው ኃይል ከሞከራችሁ የማሰራጫውን ትራንዚስተር ልታቃጥሉ ትችላላችሁ።)

ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማንም ሳይነካው ኤስደብልዩአሩ «ከተሻሻለ» ደስ አይበላችሁ፤ ኬብሉ ውስጥ ውሃ ገብቶ ብክነቱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ማገናኛውን ፈታችሁ እዩት፤ የመዳብ ጥልፉ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት ያንን ቁራጭ ጣሉት፤ ማድረቅ አያድነውም። አዲሱን ስታስሩ ናስትሮ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ፣ በላዩ ናስትሮ፣ ከዚያ ኬብሉን ከማገናኛው በታች ወደ ታች አጉብጡት፤ ውሃው ከጉብጠቱ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ማገናኛው አይወጣም።

የዚህ ተረት ግልባጭም አለ፦ «2 ለ 1 ስለሆነ አይሠራም»። በ2 ለ 1 ተመልሶ የሚመጣው 11 በመቶ ነው፣ እሱም አብዛኛው ሬዲዮው ጋ ደርሶ እንደገና ወደ አንቴናው ይነጥራል። በ7 ሜጋኸርዝ፣ በ30 ሜትር አርጂ-58፣ ከፍጹሙ ጋር ያለው ልዩነት 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ የማንም ጆሮ አይለየውም። 2 ለ 1 ላይ መስመር የሚሰመረው ዘመናዊ ሬዲዮዎች ከዚያ በላይ ራሳቸውን ለመጠበቅ ኃይል መቀነስ ስለሚጀምሩ ነው። ከ1.3 ወደ 1.1 ለማውረድ ቅዳሜን ሙሉ መሰላል ላይ የሚውል ሰው ያንን ጊዜ ገመዱን ሁለት ሜትር ከፍ ለማድረግ ቢያውለው ያተርፍ ነበር።

«ቀመሩ ያለውን ልክ ቁረጥ።» አይሆንም። የግማሽ ሞገድ ዳይፖል (መሃሉ ላይ ኬብል የሚገናኝበት፣ ሁለት እኩል ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና) ጠቅላላ ርዝመት በሜትር 142.5 ሲካፈል ለሜጋኸርዙ ነው፤ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.07፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ክንድ 10.04 ሜትር። ይህ መነሻ ነው። የሽቦው ፕላስቲክ ልባስ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ አጠገቡ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ይለውጡታል። ክንዱን 10.40 ቁረጡ፣ ስቀሉና ኤስደብልዩአሩ ዝቅ የሚልበትን ፍሪኩዌንሲ ፈልጉ። 6.85 ላይ ካገኛችሁት 6.85ን ለ7.1 አካፍላችሁ በ10.40 አባዙ፤ 10.03 ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጫፍ 37 ሳንቲሜትር መቀነስ ነው፤ ግን አትቁረጡ፣ ወደ ኋላ አጥፋችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙት። የተቆረጠ ሽቦ አይመለስም። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያን፣ እስራኤልን፣ አውሮፓንና የባሕረ ሰላጤውን አገሮች በሚያቅፈው ቀጠና የዚህ ባንድ (ለአማተሮች የተፈቀደ የፍሪኩዌንሲ ክልል) ጣሪያ 7.2 ሲሆን አሜሪካ ያላችሁ እስከ 7.3 ስለሚፈቀድላችሁ መሃሉ ይለያያል።

«ወፍራም መዳብ ካልሆነ አይሠራም።» የቤት መብራት የሚዘረጋበት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 22 ሜትር ይበቃችኋል። አንድ ወጥ ከሆነው ይልቅ ባለ ብዙ ክሩን ምረጡ፤ ወጡ ነፋስ ሲያወዛውዘው ቶሎ ይሰበራል።

«የዲሽ ኬብል ለዚህ አይሆንም፤ 75 ኦም ነው።» ከመሬት ርቆ የተሰቀለ ዳይፖል መሃሉ ላይ ራሱ 73 ኦም ነው! ባለ 50 ኦም ሬዲዮ በዚህ ኬብል በኩል ቢበዛ 1.5 ያነባል፤ በ145 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ የሚያባክነው በዴሲቤል የአርጂ-58ን ግማሽ ያህል ነው። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ጥልፉ አሉሚኒየም ስለሆነ በካውያ አይበየድም፤ ሊዱ ጠብታ ሆኖ ይንከባለላል። በማገናኛ ጠብቆ ወይም በብሎንና በዋሸር ተጨፍልቆ መያዝ አለበት።

«ኬብሉን አሳጥረው፣ ኤስደብልዩአሩ ይወርዳል።» በባለ 50 ኦም ኬብል በእርግጥ ከወረደ ደስታ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚገባው፤ የኬብሉ ውጫዊ ገጽ ራሱ አንቴና ሆኗል ማለት ነው። ምልክቱ ስታወሩ ማይኩ ከንፈር ሲነዝር፣ የቤቱ ስፒከር ሲያንጎራጉር ነው። መድኃኒቱ ከዳይፖሉ መሃል ሥር 6 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው 31 ቁጥር በሚባለው ዓይነት ፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ ኬብሉን 12 ዙር መጠምጠም ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ቢጫና ነጭ ቀለበት ፌራይት አይደለም፤ የብረት ዱቄት ነው፤ ለዚህ አይረባም።

«ዳይፖል መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት ይፈልጋል።» አይፈልግም፤ አንዱ ክንድ ለሌላው በቂ ነው።

«ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል።» በ145 ሜጋኸርዝ እውነት ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ግን የት ለመድረስ እንደፈለጋችሁ ይወስነዋል። ከ6 እስከ 10 ሜትር የተሰቀለ ዳይፖል አብዛኛውን ኃይሉን ሽቅብ ይልካል፣ አዮኖስፌርም፣ ሬዲዮ ሞገድን የሚመልሰው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ መልሶ በዙሪያው ላለው አካባቢ ያዘንበዋል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 320 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ምልክቱ የሚመጣው ከላይ ስለሆነ የዓባይ በረሃም ሆነ በመሃል ያለው ተራራ አይከልለውም። በቀን ለእንዲህ ያለው ርቀት 20 ሜትር ምሰሶ ማቆም ገንዘብ መጣል ነው። ውቅያኖስ ለመሻገር ከሆነ ወደ 14 ሜጋኸርዝ ውጡ፤ ክንዱ 5.02 ሜትር ብቻ ነው፣ የግማሽ ሞገድ ከፍታውም 10 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይደረስበታል። የትም ስቀሉት፣ ሽቦው ወይም ገመዱ ቢበጠስ እንኳ የመብራት መስመር ላይ የማያርፍበት ቦታ ይሁን። ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊትም ኬብሉን ከሬዲዮው ንቀሉና ከቤት ውጭ አውጡት።

«ቆርቆሮ ጣሪያ የአንቴና ጠላት ነው።» ለዳይፖል ልክ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተኛ ሽቦ ከንቱ ነው። ለ145 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ዘንግ ግን ከዚያ የተሻለ ወለል በነፃ አታገኙም። 49 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ ኤስኦ-239 ማገናኛ መሃል ላይ በየዱ፣ የማገናኛውን አካል ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀለት ቆርቆሮ ላይ እሰሩ፤ በየአቅጣጫው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆርቆሮ ይኑር። ጠፍጣፋ ወለል ወደ 36 ኦም ስለሚሰጥ ኤስደብልዩአሩ 1.4 ገደማ ይሆናል፤ ተዉት። ጣሪያው ሸክላ ወይም ኮንክሪት ከሆነ በቆርቆሮው ፋንታ ከማገናኛው አራት ማዕዘኖች 51 ሳንቲሜትር ሽቦዎች 45 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሉ፤ ወደ 50 ኦም ይጠጋል። ጣሪያ መብሳት የማይፈልግ መኪና ጣሪያ ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት ባለ ማግኔት የአንቴና መቆሚያ ያስቀምጥ፤ የበሳ ደግሞ ዝናቡ ሳይመጣ ቀዳዳውን በሲሊኮን ይድፈን።