ደረሰኝ ምን ያወራል? ቢዝነስ ኢንተለጀንስ በችርቻሮ ንግድ

ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ሲባል ብዙ ሰው የሆነ ውድ ሶፍትዌር ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው፦ ሱቁ በየቀኑ ከሚቆርጠው ደረሰኝና ከስቶክ መዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ አጽድቶ፣ ነገ ምን ላስመጣ፣ የቱ ላይ ዋጋ ልቀንስ፣ የትኛውን እቃ ከመደርደሪያ ላንሳ ለሚለው ጥያቄ መልስ ማውጣት። ቃሉን እ.ኤ.አ በ1958 የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ተጠቅሞበታል፣ አሁን ባለው ትርጉሙ እንዲለመድ ያደረገው ግን ተንታኙ ሃዋርድ ድሬስነር ነው፣ በ1989።

ችርቻሮ ላይ በር የከፈተው ባርኮድ ነው። ጁን 26፣ 1974 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ አንድ ፓኬት የሪግሊ ማስቲካ ስካን ተደርጎ ተሸጠ፣ በቃ። ከዛ በፊት ባለሱቁ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚያውቀው ጠቅላላ ድምሩን ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን የቱ እቃ፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር አብሮ እንደተሸጠ ተመዝግቦ ይቀራል።

አሰራሩ ላይ ሰው የሚንቀው ክፍል ጽዳቱ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ "ዘይት 5 ሊ" ብሎ፣ ሌላው "ዘይት ባለ 5" ብሎ ካስገባው ሲስተሙ ሁለት የተለያየ እቃ ነው የሚመስለው፣ እና ይሄ ሳይስተካከል የሚሰራ ዳሽቦርድ (ቁጥሩን በግራፍ የሚያሳይ ገጽ) ቀለሙ ያምራል እንጂ ውሸት ነው። ሌላው ወጥመድ ዜሮ ነው። አንድ እቃ ሳምንቱን ሙሉ ካልተሸጠ ሪፖርቱ ፈላጊ የለውም ይላል፣ ግን እቃው ሰኞ ጠዋት አልቆ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢሆንስ? ሽያጭና ስቶክ ጎን ለጎን ካልታዩ በጣም የሚፈለገውን እቃ ራስህ ታስቀረዋለህ።

በዚህ ስራ ስሙ የሚነሳው የእንግሊዙ ሱፐርማርኬት ቴስኮ ነው። በ1995 ክለብካርድ የሚባለውን የደንበኛ ካርድ በመላ አገሪቱ ሲጀምር ዳታውን የሚተነትኑለት ባልና ሚስት ነበሩ፣ ክላይቭ ሀምቢና ኤድዊና ደን፣ ድርጅታቸውም ደንሀምቢ ይባላል። ካርዱ በመላ አገሪቱ ከመጀመሩ በፊት የተደረገውን የሙከራ ውጤት ሲያቀርቡ የቴስኮ ሊቀመንበር ኢያን ማክሎሪን እኔ በ30 ዓመት ካወቅኩት በላይ እናንተ በ3 ወር ስለደንበኞቼ ማወቃችሁ ያስፈራኛል አለ ይባላል። ከዛማ ደንበኛውን በእድሜና በሰፈር ብቻ መለየት ቀርቶ በዘንቢሉ መለየት ተጀመረ፣ ርካሽ የሚፈልገው ሌላ፣ ጤናማ ምግብ የሚመርጠው ሌላ፣ ኩፖኑም እንደየሰዉ ይላካል። በዛው በ1995 ቴስኮ ተፎካካሪውን ሴንስቡሪን በልጦ የእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፣ በርግጥ ካርዱ ብቻውን አይደለም ያደረገው። ይሄው ቴስኮ ግን በ2007 አሜሪካ ሄዶ ፍሬሽ ኤንድ ኢዚ የሚል ሱቅ ከፍቶ በ2013 ከስሮ ወጥቷል።

ሁሉም የሚያወራት የዳይፐርና የቢራ ታሪክ ደግሞ አለች፣ የአሜሪካው ትልቅ ቸርቻሪ ዋልማርት ዳይፐር የሚገዙ አባቶች ቢራም እንደሚያነሱ አይቶ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ደረደረ የምትለዋ። ዋናው ታሪክ ዋልማርት ሳይሆን ኦስኮ የሚባል የፋርማሲ ሱቅ ነው፣ በ1992፣ ግንኙነቱ ከሰዓት ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ታይቷል፣ መደርደሪያውን ግን ማንም አላንቀሳቀሰም። እኔ በበኩሌ ከተረቱ ይልቅ ይሄኛው ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሪፖርት የሚሞተው እንደዚሁ ነው፣ ታይቶ፣ ተደንቆ፣ ማንም ምንም ሳያደርግበት።

ወደኛ ስንመጣ ካሽ ሬጂስተሩን አብዛኛው ነጋዴ የሚያውቀው ለግብር ነው፣ ቴሌብርም እ.ኤ.አ በ2021 ከመጣ ወዲህ የክፍያ መዝገብ ሞልቷል፣ ግን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ጥቂት ነው። የውጭ ሶፍትዌር ገዝቶ እንዳለ መጠቀምም ጣጣ አለው። ሲስተሙ ያምናውን ኤፕሪል ከዘንድሮው ኤፕሪል ጋር ያነጻጽራል፣ ፋሲካ ግን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ አምና የፍስክ ሳምንት የነበረው ዘንድሮ የጾም ሊሆን ይችላል፣ የወተትና የእንቁላል ሽያጭ ወደቀ ብሎ ቀይ መብራት ሲያበራ ምክንያቱ ሁዳዴ ገና አለማለቁ ነው። መፍትሄው ደግሞ ውድ አይደለም፣ ኤክሴሉ ላይ ጾም፣ ፍስክ፣ የበዓል ዋዜማ የሚል አንድ አምድ መጨመርና ሽያጩን በቀን ቁጥር ሳይሆን ከፋሲካ ስንት ቀን ቀደም ብሎ ነው በሚለው ማነጻጸር።